የድንኳን ወለል ለምን ውኃ ያሳልፋል?

ጥያቄ፦ የጅማ ነዋሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር አልፎ አልፎ ወደ በለጠ ደን በእግር እንጓዛለን። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ የማይሞላ ድንኳን ልኮልኝ ነበር፤ ገና በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ከሥር እርጥበት ያስገባ ጀመር። ጠዋት ስነሣ በጉልበቴና በክርኔ በኩል ረጥቦ አገኘዋለሁ። ከሥሩ ላስቲክ ባነጥፍም ጭራሽ ባሰበት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ላስቲክ ያነጠፈ ሰው ብዙ ጊዜ «ይትረፍ እንጂ አይነሰው» ብሎ ከድንኳኑ ጠርዝ አሳልፎ ይዘረጋዋል፤ እርስዎም እንደዚሁ ያደረጉ ይመስለናል። ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ በተረፈው ጠርዝ ላይ ያርፍና በላስቲኩና በወለሉ መካከል ሰርጎ ይጠራቀማል፤ ሰውየው ሳያውቀው ኩሬ ላይ ተኝቶ ያድራል። ስለዚህ ላስቲኩ በየአቅጣጫው ከወለሉ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ይቆረጥ። በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚለበሰው ዓይነት ላስቲክ ይበቃል፤ ወፍራም ሸራ ግን ድንኳኑን ቀላል ያደረገውን ጥቅም መልሶ ይወስድብዎታል።

እርጥበቱ በጉልበትና በክርን በኩል መታየቱም ትርጉም አለው። የእንዲህ ያሉ ድንኳኖች ወለል ብዙ ጊዜ ባለ 20 ዴኒየር ናይለን ነው፤ ይኸውም 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክሩ 20 ግራም ብቻ ይመዝናል ማለት ነው። ውኃ የመቋቋም ልኩ 1,200 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ያለውን የውኃ ዓምድ ግፊት ይችላል፤ የተንበረከከ ሰው ጉልበት ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይጫናል። በመሆኑም ጨርቁ ሳይቀደድም መሬቱ ከረጠበ ውኃው በግፊት ሊያልፍ ይችላል። መፍትሔው የመኝታ ፍራሹን ሰፋ ማድረግና ከፍራሹ ውጭ አለመንበርከክ ነው።

ከዚህ በኋላ ቀዳዳ ይፈልጉ። ወለሉን በቀን ብርሃን ፊት ለፊት ዘርግተው ቢያዩት የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ እንኳ ታበራለች፤ ወዲያውኑ በእስክሪብቶ ይክበቧት። ከመጠገንዎ በፊት ጨርቁ በምን እንደተለበጠ ማወቅ ግድ ነው፦ ተራ ግልጽ ፕላስተር ቢለጥፉበት በቀላሉ ተላቆ የሚወድቅ ከሆነ ልባጡ ሲሊኮን ነው፣ አጥብቆ ከያዘ ደግሞ ፖሊዩሪቴን የሚባለው የፕላስቲክ ልባጥ ሊሆን ይችላል። በሲሊኮን ላይ ከሲሊኮን በቀር ሌላ ማጣበቂያ አይዝም፤ ለመስኮት መስታወት የሚውለውና ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ግልጽ ሲሊኮን ይሠራል። ቦታውን አጽድተው አድርቀው ስስ አድርገው ይቀቡት፣ አንድ ሙሉ ቀን ይተዉት፣ ሲደርቅ እንዳይጣበቅ ጥቂት የታልክ ዱቄት ይነስንሱበት። ለፖሊዩሪቴን ለድንኳን ተብሎ የተሠራ መጠገኛ ፕላስተር የተሻለ ነው፤ ማዕዘኑ ቶሎ እንዳይላጥ ክብ አድርገው ይቁረጡት።

ወለሉ ግን ሲነኩት የሚያጣብቅና ጎምዛዛ ሽታ ያለው ከሆነ ልባጡ በእርጥበት ፈርሷል፤ እሱን ለማዳን ገንዘብዎን አያባክኑ። ይህ ጉዳት ከጫካው ይልቅ ቤት ውስጥ፣ ርጥብ ድንኳን ተጠቅልሎ በከረጢቱ ውስጥ ሲከርም የሚመጣ ነው፤ እንደ ጅማ ባለ ዝናባማ አገር ደግሞ ድንኳኑ ሳይደርቅ ወደ ቤት መግባቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከጉዞ እንደተመለሱ፣ እኩለ ሌሊት ቢሆንም እንኳ፣ ከከረጢቱ አውጥተው በሳሎን ወንበሮች ላይ ይዘርጉት። ቀዩ ጭቃ ሲደርቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፈዋል፤ የቀረውን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና በስፖንጅ ያስለቅቁ። በረኪና፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ካውያ በፍጹም አይንኩት። ሲያደርቁትም በጥላ ይሁን፤ ፀሐይ ናይለኑን ታደክመዋለች።

ድንኳኑን ከመትከልዎ በፊት የወደቀውን ቅጠል ጠራርገው መሬቱን በእጅዎ ይዳብሱ። ከቅጠሉ ሥር የአጋም እሾህ ወይም የተቆረጠ የቡና ግንድ ጉቶ ሊኖር ይችላል። የጉንዳን ሰልፍ ካገኙ ደግሞ ቦታ ይቀይሩ፤ ይህኛው ምክር ለወለሉ ሳይሆን ለእርስዎ ነው። ጫማ ደጃፍ ላይ ይውለቅ። ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ድንኳን በጠባቡ ከረጢት ሳይሆን አየር በሚያስገባ ሰፊ የጨርቅ ከረጢት ላላ አድርገው ያስቀምጡ፣ በክረምትም በየወሩ አውጥተው ያናፍሱት።