ለስታይንዝ ሎኮሞቲቭ የኬዲ ማያያዣ ስለመግጠም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን በደንብ አንብቤዋለሁ። ግቢህ ውስጥ ከምታስኬዳቸው ሞዴል ባቡሮች የኤልጂቢዋን (የጀርመኑ ሞዴል ባቡር አምራች) ስታይንዝ የተባለች ትንሽ ሎኮሞቲቭ መንጠቆና ቀለበት አውጥተህ፣ የኬዲ ማያያዣ (እንደ ጣት የሚቆላለፈውን የአሜሪካ ዓይነት) በሱፐር ግሉ ወለሏ ላይ ለጥፈሃል። አሁን በአር1 ኩርባ (ከኤልጂቢ ኩርባዎች ጠባቡ) ላይ የመጀመሪያው ፉርጎ ከሐዲድ ይወጣል፤ ቀጥ ያለው መስመር ላይ ደግሞ መሬቱ ትንሽ ዝቅ ካለበት ስትደርስ ትላቀቃለች። «ሌላ ዓይነት ማያያዣ ልግዛ ወይ?» ነው ያልከው። አትግዛ። ኬዲው ምንም አልሆነም። ያለብህ ሁለት የተለያየ ችግር ነው፦ የሚላቀቀው በከፍታ ልዩነት ነው፣ ከሐዲድ የሚወጣው ደግሞ ማያያዣው ወደ ጎን መዞር ስላልቻለ ነው።

ከፍታው ለምን እንደሚለያይ ካወቅህ ቀሪው ይቀልልሃል። የሐዲዳችን ስፋት 45 ሚሊሜትር ነው፤ በላዩ የሚሄዱት ባቡሮች ግን በአንድ መጠን የተሠሩ አይደሉም። ስታይንዝ 1:22.5 ናት (ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያነሰች)፣ ማለትም አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ የሚሄድ ባቡር መጠን ነው (ከለገሃር ወደ ጅቡቲ ይሄድ የነበረውም ባቡራችን የሜትር ሐዲድ ስለነበር ልሥራው የሚል ሰው የሚይዘው ይህንኑ መጠን ነው)። የአሜሪካዎቹ አምራቾች የዩኤስኤ ትሬንስና የአሪስቶ ክራፍት ፉርጎዎች 1:29 ናቸው፤ የባክማን ስፔክትረም ደግሞ 1:20.3። ሁሉም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፣ የወለላቸው ከፍታ ግን አንድ አይደለም። «ወለሉ ላይ ለጠፍኩት» ስትል ችግሩ እዚያው ተፈጠረ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለካ። አንድ ቀጥ ያለ ሐዲድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፣ ሎኮሞቲቩንና ፉርጎውን አቁምበት፣ ከሐዲዱ የላይኛው ገጽ እስከ ማያያዣው መሀል ያለውን ከፍታ በካሊፐር ለካ። ኬዲ ራሱ የከፍታ መለኪያ ይሸጣል፤ ብዙ ፉርጎ ካለህ ግዛው፣ ዋጋውን ይመልሳል። ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ አስተካክል። ጠረጴዛ ላይ የያዘ ማያያዣ ግቢ ውስጥ ላይይዝ ይችላል፤ ዝናብ ጠጠሩን ሲያወርደው አንዱ ፉርጎ አፍንጫውን ይደፋል፣ ሌላው ቀና ይላል፣ የተቆላለፉት ጣቶች በአንዱ ላይ አንዱ ተንሸራትተው ያልፋሉ።

አሁን ወደ ኩርባው። የአር1 ራዲየስ 600 ሚሊሜትር ነው፣ በጣም ጠባብ። ስታይንዝ አራት ጎማ ብቻ ስላላት ኩርባ ላይ አፍንጫዋና ጅራቷ ከሐዲዱ መሀል ወደ ውጭ ይወጣሉ። የኤልጂቢ የራሱ ማያያዣ ወደ ግራና ቀኝ በሚወዛወዝ ምላስ ላይ የተሠራው ለዚህ ነው። አንተ በሙጫ ስታደርቀው ጅራቷ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ፉርጎውን ጎትታ ታወጣዋለች። ፉርጎህንም ገልብጠህ እየው፦ ማያያዣው ከቦጂው (ጎማዎቹን ከያዘው ተዟዟሪ ክፈፍ) ጋር ይዞራል ወይስ ወለሉ ላይ ታስሯል? አንዱ የሚዞር፣ ሌላው የማይዞር ሆኖ አር1 ላይ ሰላም አይኖርም። ወለል ላይ የሚታሰረው ከ1195 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከአር3 ጀምሮ ነው የሚያምረው፤ ረጅም ባቡር ወደ ኋላ ለመግፋትም የተሻለው እሱ ነው። ለአር1 ግን የሚወዛወዘውን ምላስ አትንካ፣ ምላሱ ላይ የሚገጠመውን የኬዲ ዓይነት ተጠቀም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሎኮሞቲቩን በስፖንጅ ላይ ገልብጣት፤ በባዶ ጠረጴዛ ከሆነ ጭስ ማውጫዋና ደወሏ ይሰበራሉ። የድሮውን መንጠቆ ስታወጣ እጅህንና ሎኮሞቲቩን በትልቅ ፌስታል ውስጥ አድርገህ አውጣው፣ ትንሿ ሞላ ተስፈንጥራ ሣር ውስጥ ከገባች አትገኝም። የወጣውን ሁሉ በላስቲክ ቋጥረህ አስቀምጥ። የተለጠፈውን ኬዲ በቀጭን ቢላ ቀስ ብለህ አላቅቅ፣ የቀረውን ሙጫ በሞረድ አስተካክል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁበት ይለቃል፤ ለጎታች ባቡር አይሆንም፣ ብሎን ያስፈልጋል። ባለ 2 ሚሊሜትር ብሎን ከሆነ በ1.6 ቀዳዳ ብሳና በማስኪዮ ጥርስ አውጣለት። መሰርሰሪያውን በእጅ አዙር፣ በማሽን ፍጥነት ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ጫፉ ላይ ቴፕ ጠቅልለህ ጥልቀቱን ገድብ፤ ከወለሉ በላይ ሽቦና የሞተሩ ማርሽ አለ። ማያያዣው ከፍ ብሎ ከተገኘ በመሀል የ1 ሚሊሜትር ፕላስቲክ እየጨመርክ አውርደው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የርዝመቱን ነገር ነው። ማያያዣው ከባፈሮቹ (ጫፍ ላይ ካሉት የግጭት መከላከያዎች) ወደፊት ካልወጣ ኩርባ ላይ ባፈሮቹ ይነካካሉ፣ ወደ ኋላ ስትገፋ ደግሞ ተጣብቀው ፉርጎውን ያነሱታል። ብሎኑን ከማጥበቅህ በፊት ሁለቱን አር1 ላይ አቁመህ በውስጠኛው በኩል በባፈሮቹ መሀል ክፍተት መኖሩን ተመልከት።

ከገጠምክ በኋላ ማያያዣውን በጣትህ ወደ ጎን ግፋና ልቀቀው፤ ራሱ ወደ መሀል መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወይ ብሎኑ ከልክ በላይ ጠብቋል ወይ የፕላስቲክ ትርፍ ይዞታል። ደረቅ የግራፋይት ዱቄት አድርግበት እንጂ ዘይት አታስነካው፣ የግቢው አቧራ ከዘይት ጋር ጭቃ ይሆናል። ከኬዲው ሥር የተንጠለጠለችው ቀጭን ብረት በማግኔት ለማላቀቅ ናት። ዝቅ ብላ ከሆነ ሐዲዱ በሚለያይበት ቦታ ትጠለፋለች፤ በሁለት ፒንሳ ይዘህ ወደ ላይ እጠፋት፣ ማግኔት የማትጠቀም ከሆነ ቁረጣት።

ሞተር ሳታበራ በእጅህ ወደፊትም ወደኋላም ኩርባውን ሁሉ አዙራት፣ በተለይ ወደ ግራ ዞሮ ወዲያው ወደ ቀኝ የሚታጠፍበትን ቦታ። ዓይንህ የፉርጎው የፊት ጎማ ላይ ይሁን፤ ከሐዲዱ ትንሽ እንኳ ከተነሳ ምላሱ አሁንም የሆነ ቦታ ይይዛል ማለት ነው።

የአሜሪካ ፉርጎዎችህ ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ግን እኔ ስታይንዝን ባልነካት እመርጣለሁ። መንጠቆና ቀለበቷን መልስላት፣ ከአሮጌ የኤልጂቢ ፉርጎዎችህ አንዱን ወስደህ በአንድ በኩል ቀለበቱን ተውለት፣ በሌላው በኩል ኬዲ ግጠምለት፣ በስታይንዝና በአሜሪካዎቹ መሀል መሸጋገሪያ እንዲሆን ሁልጊዜ ከሎኮሞቲቩ ኋላ አስገባው። በቀለበቱ በኩል መንጠቆ ከሌለው ጨምርለት፣ ሁለቱም ወገን መንጠቆ ሲኖራቸው አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዛል።