የታደሰ የእንጨት ምድጃ ሲገዙ ምኑን ማየት?

ጥያቄ፦ ለቤት ማሞቂያ ታድሶ የሚሸጥ የእንጨት ምድጃ ልገዛ ነው። ቀለሙ አዲስ ይመስላል። ምኑን ልይ?

መልስ፦ ቀለሙን ይርሱት፤ ስንጥቅ የሚሸፈነውም በቀለም ነው። ክፍሉን አጨልመው የበራ ባትሪ ምድጃው ውስጥ ያስቀምጡ፤ በሩን ዘግተው ዙሪያውን ይመልከቱ። በመገጣጠሚያው ብርሃን ካሾለከ እንደገና ይታሸጋል። የጊዛው (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ብረት) አካል ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ይተዉት፤ ጊዛ በቅጡ ካልተበየደ ከብየዳው አጠገብ መልሶ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ የበሩ ማሸጊያ ገመድ ነው። በሩን ወረቀት አስነክሰው ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ትግል ከወጣ ገመዱ አልቋል፤ መቀየሩ ቀላል ነው። ካልተቀየረ አየር እየገባ እሳቱ አልታዘዝ ይላል፤ እንጨትም ይበላል። ከእሳቱ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከተጣመመ ምድጃው ከልክ በላይ ሲነድ ኖሯል ማለት ነው፤ መለዋወጫው መገኘቱን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

የጭስ መውጫውን አፍ ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ 125 ወይም 150 ሚሊሜትር ነው። ቱቦው ከዚያ መጥበብ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እሳት ብቻ ያንድዱ፤ አዲሱ ቀለም ስለሚሸት መስኮት ይከፈት። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያ መሣሪያም አብረው ይግዙ።