ሳትወልድ ግልገል የነጠቀችው በግ

ከመንዝ አንድ አርቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ገና ወልዳ የማታውቅ ቄብ በጌ መውለጃዋ ደርሷል። ሌላዋ በግ ትላንት ስትወልድ ግን ግልገሉን ነጥቃ ትልሰው ጀመር። እናቱን በግንባሯ ትገፋታለች። ብንመልስም መልሳ ትወስደዋለች። ምን ነክቷት ነው?»

ምንም አልነካትም፤ ሆርሞኗ ነው የቀደማት።

በግ አምስት ወር ገደማ ታረግዛለች፣ ወደ 147 ቀን። ማህፀኗን ጸጥ አድርጎ የሚያቆየው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። የመውለጃውን ቀን የሚቆርጠው ግን፣ ሁሌም የሚገርመኝ፣ በሆዷ ያለው ግልገል ራሱ ነው። ሲደርስ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ይህ ሳንባውን ለአየር ያዘጋጅለታል፤ እንግዴ ልጁም ፕሮጄስትሮኑን ኢስትሮጅን ወደሚባል ሌላ ሆርሞን እንዲለውጥ ያደርጋል። በመጨረሻው አንድ ሁለት ቀን ፕሮጄስትሮኑ ይወርዳል፣ ኢስትሮጅኑ ይወጣል። ያኔ በጊቱ ከመንጋው ትነጠላለች፣ መሬት ትጭራለች። በሌላ ጊዜ የምትሸሸው የእንሽርት ውሃ ሽታም ይስባታል። እርጥብ ግልገል ካየች የራሷ ይመስላታል።

ስለዚህ ግልገሉን ለእናቱ መልሰው እሷን በሌላ ጋጣ ለብቻዋ ያድርጓት። መመለሱ ብቻ አይበቃም። ግልገሉ ከጠባት እንገሯን ይጨርስባታል፤ የራሷ ልጅ ሲወለድ ምን ይጠባል? እንገር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልተጠባ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ከአንድ ቀን በኋላ በሽታ መከላከያው ወደ ግልገሉ ደም አይገባም ማለት ይቻላል።

ምጥ ሲይዛት አይቸኩሉ። ግልገሉ የማህፀኑን በር ሲወጥረው ኦክሲቶሲን ይለቀቃል። ይህ ሆርሞን ማህፀኑን ያኮማትራል፣ ልጇንም እንድትወድ ያደርጋታል። የፊት እግሮቹና አፍንጫው ቀድመው ከመጡ አይጎትቱ። ሲወለድ አፍንጫው ላይ ያለውን ንፍጥ ብቻ ይጥረጉለት፤ በጨርቅ አያድርቁት። ልጇን የምትለየው በእርጥበቱ ሽታ ነውና እሷ ትላሰው። ቄብ ስለሆነች መጀመሪያ ልትደነግጥ ትችላለች። ጠባብ ቦታ ከልጇ ጋር ይተዋት፣ ብዙ ጊዜ ትለምደዋለች።

አንዳንድ ሰው «ምጡን ያፋጥናል» ብሎ የኦክሲቶሲን መርፌ ገዝቶ ይወጋል። የማህፀኑ በር ሳይከፈት ወይም ግልገሉ ተጣሞ ሳለ ከተወጋች ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል፤ እባክዎ እንዳይሞክሩት። አንድ ሰዓት ሙሉ በኃይል አምጣ ምንም ካልወጣ ግን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።