ማይክሮሜትሩን የያዘው ማን ነው?

ይድረስ በሲያትልና በዙሪያዋ ለምትኖሩ፣ ኮሌጅ ለመግባት ለምትሰናዱ ልጆቻችን፤

ሰላምታዬ ከያላችሁበት ይድረሳችሁ። ወላጆቻችሁ በሠርግም በለቅሶም ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ ያነሱብኛል። «ልጃችን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ በማሽን ብረት መቁረጥ እማራለሁ፤ ሥነ ልቦናም ጨምሬ እወስዳለሁ ይላል፤ አንዱን ይዞ ቢጨርስ አይሻለውም?» ዕድሜዬን በቶርኖና በፍሬዛ (በብረት መቁረጫ ማሽኖች) ዙሪያ የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ «ሥነ ልቦናውን ይተወው» እንድል ይጠብቃሉ። እኔ ግን ሁለቱንም ይማር እላለሁ። ምክንያቱን በሠርግ ቤት ጫጫታ መሐል ማስረዳት ስላልሆነልኝ ይኸው በጽሑፍ።

ወላጆቻችሁን ግን አትቀየሙ። በአገራችን ብረት የሚነካ ሰው «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲናቅ፣ «ቡዳ ነው» እየተባለ ሲፈራ ኖሯል። ሥነ ልቦና ደግሞ በብዙዎቻችን ጆሮ ከአማኑኤል ሆስፒታል ደጃፍ አልፎ አያውቅም። አንድ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ሁለቱን መረጥኩ ሲል እናቱ ደንግጣ ብትቀመጥ አይፈረድባትም።

የሁለቱ ትምህርቶች ዝምድና ከኮከብ ይጀምራል። በ1796 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ፣ ኃላፊው ኔቪል ማስከላይን ረዳታቸውን ዴቪድ ኪንብሩክን ከሥራ አሰናበቱት። ጥፋቱ ምን ነበር? ኮከቡ በመነጽሩ ውስጥ የተወጠረችውን ክር ሲያቋርጥ የሚመዘግበው ጊዜ ከአለቃው ምዝገባ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በሚያንስ ጊዜ መዘግየቱ። ሰውየው አመዘጋገቡን አበላሸ ተባለና ነገሩ ተዘጋ። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቤሰል ታሪኩን አንብቦ የራሱንና የሌሎች ዕውቅ ተመልካቾችን ምዝገባ አስተያየ። አንዱ ከሌላው ይለያል፤ ልዩነቱም በዘፈቀደ የመጣ ሳይሆን ሰዎቹ የየራሳቸው ዝንባሌ ያላቸው ሆኖ ተገኘ። ቪልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕዚግ የሥነ ልቦና ላቦራቶሪውን ሲከፍት፣ ከያዛቸው ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ይኸው የሰው ምላሽ የሚወስደው ጊዜ ነበር። እንግዲህ ሥነ ልቦና ከፍልስፍና ብቻ የተወለደ አይደለም፤ ልኬት አልገጥም ካላቸው ሰዎች ብስጭትም የተወለደ ነው። እኔም ያንን ብስጭት በደንብ አውቀዋለሁ።

ወደ ወርክሾፑ ልውሰዳችሁ። የኢንች ማይክሮሜትር (ጥቃቅን ልኬት የሚነበብበት መሣሪያ) እጀታው አንድ ዙር ሲዞር 0.025 ኢንች ይከፈታል። በማይዞረው በርሜል ላይ በየ0.025 ኢንቹ መስመር አለ፤ በሚዞረው እጀታ ላይ ደግሞ 25 ክፍፍሎች፣ እያንዳንዳቸው የኢንች አንድ ሺህኛ። ንድፉ 0.500 ይላል እንበል። ጀማሪው ዘንጉን ከሚገባው በላይ ቆርጦት ትክክለኛው ልኬት 0.474 ደርሷል። በዚያ ቦታ ላይ የ0.475 መስመር ከእጀታው ጠርዝ ሥር ብቅ ልትል ምንም አልቀራትም፤ ግማሽ የታየች፣ ግማሽ ያልታየች ናት። ጀማሪው ይቆጥራታል፤ በእጀታው ላይ ያለውን 24 ይደምርባታል፤ 0.499 ብሎ ይጽፋል። ይህን ያህል ለተጠጋ ልኬት ማን ይጠራጠራል? ደስ ብሎት ቀጣዩን ብረት ያስራል። መስመሯ በሩቁ ከሚጠበቀው ቁጥር ጋር የምትገጥም ባትሆን ኖሮ «አልታየችም» ብሎ ይተዋት ነበር። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ማይክሮሜትሩም ትክክል ነው፤ ቁጥሩን ያነበበው ግን የንድፉ 0.500 ነው።

ይህን ጉዳይ በብረት መቁረጫ መጽሐፍ ውስጥ ብትፈልጉ «በጥንቃቄ አንብብ» ከሚል መስመር ሌላ ብዙ አታገኙም። በመግቢያ የሥነ ልቦና ኮርስ ግን ስም አለው፤ የራስን ግምት የሚያጸናውን ብቻ የመፈለግ ዝንባሌ ይሉታል፤ ሙከራም ተሠርቶበታል። ፒተር ዌሰን በ1960 ለተማሪዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮችን ሰጥቶ ቁጥሮቹ የተሰደሩበትን ሕግ እንዲያገኙ ጠየቃቸው። ብዙዎቹ «በሁለት በሁለት የሚጨምር» ብለው ገመቱና ግምታቸውን የሚደግፉ ቁጥሮችን ብቻ ያቀርቡ ጀመር። ሕጉ ግን «እየጨመሩ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች» የሚል ብቻ ነበር። ግምቱን የሚያፈርስ ቁጥር የሞከረ ሰው ቶሎ ይደርስበታል፤ የሚያጸናውን ብቻ የፈለገ ሲዳክር ይውላል። ይህን የተማረ የቶርኖ ሠራተኛ ውድ ዕቃ ከማስረከቡ በፊት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ ንድፉን ገልብጦ ያስቀምጥና ጎረቤቱን «ይህን ለካልኝ» ይለዋል። ቁጥሩን አይነግረውም። «0.500 መሆኑን እይልኝ» ብሎ የሚለምን ሰው ምስክር እየፈለገ ነው እንጂ እያስለካ አይደለም።

ስለ ሙቀትም ጥቂት ልበል፤ ጀማሪዎች ይንቁታልና። በዓለም አቀፍ ስምምነት የዕቃዎች ልኬት የሚገለጸው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አሉሚኒየም የዚያን እጥፍ ገደማ። ከማሽን ላይ ትኩሱን አውጥቶ መለካት፣ ወይም ሥራውን በመዳፍ ጨብጦ ወሬ ማውራት፣ የሰውን ገላ በልኬቱ ውስጥ መጨመር ነው። የጣት ጉልበትም እንደዚሁ። ለዚህ ነው ማይክሮሜትሩ ጫፍ ላይ ከልክ በላይ ሲጠብቅ የሚንሸራተት ማጥበቂያ የተገጠመለት፤ ተጠቀሙበት፤ «እኔ በእጄ አውቀዋለሁ» የሚሉትን ሽማግሌዎች አትስሙ፣ እኔንም ጨምሮ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የምንኖርበት ከተማ የአውሮፕላን ከተማ ነው፤ ከኬንት ሸለቆ ወርክሾፖች የሚወጣው ዕቃ ብዙው ወደ አውሮፕላን ይሄዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚሁ ሲያትል ይሠራ የነበረው የቦይንግ ቢ-17 ቦምብ ጣይ አንድ እንግዳ አደጋ ነበረበት፤ አብራሪዎች በሰላም መሬት ከነኩ በኋላ የክንፉን መከለያ (ፍላፕ) ሊሰበስቡ ሲሉ ጎማውን ሰብስበው አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ ይመዘገባል። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳዩን እንዲያጣራ ሲላክ ያየው ነገር ሁለቱ ማዘዣዎች ጎን ለጎን መሆናቸውንና በእጅ ሲዳሰሱ አለመለየታቸውን ነው። በአንዱ ጫፍ ላይ የጎማ ቅርጽ፣ በሌላው ላይ የክንፍ መከለያ ቅርጽ እንዲደረግ አሳሰበ። ብረቱ እኮ በትክክል ተቆርጦ ነበር። ማንም ቆራጭ ከልክ አልወጣም። የጎደለው ያንን ብረት በድካምና በፍርሃት ውስጥ ሆኖ የሚጨብጠውን ሰው ማሰብ ነበር።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉ፣ መጋቢት 10 ቀን 2019ን ማናችንም አንረሳም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2018 በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን (ቦይንግ 737 ማክስ) ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። የዚህ ሞዴል አውሮፕላኖች የሚገጣጠሙት እዚሁ ሬንተን ነው፤ ከእኛው ማኅበረሰብ ጎረቤት። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በመስከረም 2019 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ላይ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱን ልብ በሉ፤ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋው መቆጣጠሪያ በስህተት ቢሠራ አብራሪዎች እንዴት ምላሽ እንደሚሰጡ በንድፉ ጊዜ የተያዘው ግምት፣ ብዙ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ ሲጮኹባቸው ሊሆን የሚችለውን በበቂ አላገናዘበም። ይህ የሥነ ልቦና ጥያቄ ነው። መልሱን የሚያውቁ ሰዎች በማሽኑ አጠገብ፣ በንድፉ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በጥራት ቁጥጥሩ ክፍል ያስፈልጋሉ። ማሽንን ከሰው ጠባይ ጋር በማስማማት ሙያ መሰማራት የሚሹ ሰዎች መንገዳቸው ብዙውን ጊዜ ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ በኋላ ነው፤ ነገር ግን ብረት ቆርጦ፣ ጥቁር ዘይት ነክቶ የመጣ ሰው ያን ጠረጴዛ ሲቀላቀል የሚናገረው ነገር ይለያል።

የሥነ ልቦናው ተማሪስ ከቶርኖው ምን ያገኛል? ጥርጣሬ። በ2015 የብዙ ተመራማሪዎች ኅብረት በሥነ ልቦና መጽሔቶች የታተሙ 100 ጥናቶችን ደግሞ ቢሠራ፣ የመጀመሪያውን ውጤት በስታቲስቲክስ መመዘኛ የደገሙት ከሲሦ ብዙም ያልራቁ ነበሩ። ቶርኖ ላይ የኖረ ሰው በዚህ አይደናገጥም፤ የሚጠይቀው ጥያቄ አለና። መለኪያው ራሱ መቼ ተመረመረ? ስንት ጊዜ ተለካ? ሌላ ሰው ሲለካውስ? መጠይቅ አስሞልቶ ስለ ሰው ልብ በሁለት አኃዝ የሚናገረውን ሁሉ በዚህ ዓይን እዩት።

ስለ አመዘጋገቡ ጥቂት ነገር። የሙያ ዲግሪና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረው ዲግሪ አንድ አይደሉም፤ የማሽን ኮርሶቹ ክሬዲት ሁሉ በዩኒቨርሲቲ ይቆጠራል ብላችሁ እንዳትገምቱ። የመግቢያ ሥነ ልቦናው፣ ስታቲስቲክሱና የእንግሊዝኛ ጽሑፉ ግን በአብዛኛው አብሯችሁ ይሻገራል። በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ኮሌጆች ከኮርሱ ምህጻር ጎን የ«እና» ምልክት (&) ካያችሁ፣ ኮርሱ በክፍለ ሀገሩ ባሉ ሌሎች ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም በዚያው ስምና ቁጥር ይታወቃል ማለት ነው። አማካሪያችሁ የሚነግራችሁን በኢሜይል አስጽፋችሁ ያዙ። የፌዴራሉን የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሳትሞሉ ብድር አትንኩ፤ ብቁ ከሆናችሁ ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው። ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ) ማሽን ላይ ለመድረስ ብትቸኩሉም በእጅ የሚዞረውን ቶርኖ አትዝለሉት፤ መቁረጫው ብረቱን ሲነክስ የሚሰማችሁን ያህል ኮምፒውተሩ አይነግራችሁም። ትሪጎኖሜትሪ የምትፈሩ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ውሰዱ።

ለሥነ ልቦና ክፍላችሁ የጥናት ርእስ ሲጠፋችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ። ዲያሜትራቸው በጥቂቱ የሚለያይ አሥር ዘንጎች ቁረጡ፤ በላያቸው ላይ ቁጥር ጽፋችሁ ከማይክሮሜትሩ ጋር በአንድ ክፍል አሳድሯቸው። የማሽን ክፍል ጓደኞቻችሁን በዕጣ ለሁለት ክፈሉ፤ ለግማሾቹ «ንድፉ 0.500 ይላል» በሏቸው፣ ለቀሩት ምንም አትንገሩ። ሁሉም እያንዳንዱን ዘንግ ሦስት ሦስት ጊዜ ይለካ፤ ቅደም ተከተሉን በየጊዜው አደባልቁት፤ ያለፈውን ጽሑፋቸውን አታሳዩአቸው። የሁለቱን ወገን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ 0.025 ያህል የዘለሉትን ለብቻ ክበቡና የየትኛው ወገን እንደሆኑ ቁጠሩ። በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ ስለሆነ መምህራችሁን አስቀድማችሁ ማስፈቀድ፣ የሚሳተፉትንም መጠየቅ ግድ ነው።

የእናንተው ጡረተኛ የቶርኖ ሠራተኛ