ሼርድ ወይስ ኤክስክሉሲቭ? ገንዘብ የሚመዘገብበትን የአክሰስ ፋይል ለጋራ ሥራ ማዘጋጀት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። የአባላቱን መዝገብ የያዝነው በማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። ፋይሉ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሼር በተደረገ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፤ አራት ሆነን እንጠቀምበታለን። አንዳንድ ቀን አንዷ ባልደረባችን ቀድማ ከገባች እኛን አያስገባንም። ሁላችንም በገባንበት ቀን ደግሞ የተመዘገበ ክፍያ ጠፍቶ ይገኛል። አለቃችን ‹በኤክስክሉሲቭ ክፈቱትና አንድ ሰው ብቻ ይሥራ› ይላሉ። ትክክል ናቸው?»

አለቃዎ የፈሩት ነገር ተገቢ ነው። የአባላት ገንዘብ ነውና ሊፈራ ይገባል። መፍትሔው ግን እሱ አይደለም። ለዕለት ሥራ ፋይሉ በሼርድ (ብዙ ሰው አብሮ በሚገባበት) ይከፈት፤ ኤክስክሉሲቭ (አንድ ሰው ብቻ የሚይዝበት) ለጥገና ይቀመጥ። ፋይሉ እንዴት ይከፈት የሚለውና አንድ ሪከርድ (ለምሳሌ የአንድ አባል መስመር) እንዴት ይቆለፍ የሚለው ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ናቸው። አልገባ ማለቱ የሚመጣው ከመጀመሪያው ነው። የክፍያው መጥፋት ከሁለተኛው ነው።

ከባልደረባዎ ኮምፒውተር ይጀምሩ። አክሰስ ውስጥ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ክላየንት ሴቲንግስ» ይግቡ። ወደ ታች ወረድ ሲሉ «ዲፎልት ኦፕን ሞድ» የሚል ያገኛሉ። «ሼርድ» ላይ መሆን አለበት። ይህ ምርጫ የሚቀመጠው በፋይሉ ውስጥ ሳይሆን በየኮምፒውተሩ ነው፤ ስለዚህ አራቱንም ማየት አለብዎት። የምትከፍትበትን ሾርትከት «ፕሮፐርቲስ» ደግሞ ይመልከቱ። ከፋይሉ ስም ቀጥሎ በስላሽ የሚጀምር የኤክስክሉሲቭ ትእዛዝ ተጽፎ ካገኙ ያጥፉት። ፎርም ወይም ሪፖርት በዲዛይን ቪው የምታስተካክል ከሆነም አክሰስ ፋይሉን ለእሷ ብቻ ሊይዝላት ይችላል። ይህ በሥራ ሰዓት መሠራት የለበትም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ የፎልደሩን ፐርሚሽን ይመርምሩ። ፋይሉ በሼርድ ሲከፈት አክሰስ እዚያው ፎልደር ውስጥ የፋይሉን ስም የያዘ፣ አይከኑ ላይ ቁልፍ ያለበት ትንሽ ፋይል ይፈጥራል። ማን ገብቶ ምን እንደያዘ የሚያውቀው በእሱ ነው። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ይጠፋል። ስለዚህ አራታችሁም ፎልደሩ ላይ ፋይል የመፍጠርም፣ የመጻፍም፣ የመሰረዝም መብት ያስፈልጋችኋል። ዊንዶውስ ላይ «ሞዲፋይ» የሚለው ፐርሚሽን ይበቃል። ሼሩ ላይም «ሴኩሪቲ» የሚለው ታብ ላይም መፈቀድ አለበት፤ አንዱን ብቻ ፈቅዶ መተው በጣም የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ጠፋው ክፍያ እንምጣ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

አክሰስ ሪከርድ ለመቆለፍ ሦስት ምርጫ አለው፦ «ኖ ሎክስ»፣ «ኤዲትድ ሪከርድ» እና «ኦል ሪከርድስ»። ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚገኘው «ኖ ሎክስ» ነው። በእሱ ሲሠራ ሁለት ሰው አንድን አባል በአንድ ጊዜ ከፍቶ ማስተካከል ይችላል። የአባሉ ቀሪ ሂሳብ 12,000 ብር ነው እንበል። እርስዎ 500 ብር ገቢ ጨምረው 12,500 ብለው ጻፉ። ባልደረባዎ በዚያው ሰዓት 300 ጨምራ 12,300 ጻፈች። እርስዎ ቀድመው ሴቭ አደረጉ። እሷ ሴቭ ስትል «ራይት ኮንፍሊክት» የሚል መልእክት ይመጣባታል። ወረፋ ስላለ ሳታነበው «ሴቭ ሪከርድ» ትላለች። ያን ጊዜ የእርስዎ 500 ብር ጠፋ ማለት ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። ኔትወርኩም ምንም አልሆነም። አክሰስ ጠይቋል፤ መልስ ተሰጥቶታል።

ስለዚህ ክፍያና ብድር የሚገባባቸውን ፎርሞች በሙሉ «ኤዲትድ ሪከርድ» ያድርጓቸው። ፎርሙን በዲዛይን ቪው ይክፈቱ፤ «ፕሮፐርቲ ሺት» ላይ «ዳታ» በሚለው ታብ ሥር «ሪከርድ ሎክስ» አለ። «ኦፕሽንስ» ውስጥ ያለውን ዲፎልት ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ቀድሞ የተሠራ ፎርም የራሱን ምርጫ ይዞ ይቀጥላል። እዚያው «ኦፕሽንስ» ውስጥ ግን በሪከርድ ደረጃ መቆለፍን የሚፈቅደው ሳጥን በአራቱም ኮምፒውተር ላይ ምልክት ይደረግበት። ያለዚያ የሚቆለፈው 4 ኪሎባይት የሚሆን ገጽ ነው፤ አጠገቡ ያሉ ሌሎች አባላትም አብረው ሊያዙ ይችላሉ። በዚህ በኩል የሚወስነው ፋይሉን ቀድሞ የከፈተው ሰው ሴቲንግ ነው።

ከዚህ በኋላ አንዱ መጻፍ ከጀመረ ሌላው ሴቭ እስኪደረግ ይጠብቃል። ዋጋም አለው፦ አንድ ሰው ቁጥር ጀምሮ ምሳ ቢሄድ ያ አባል ተቆልፎ ይቆያል። ጽፎ ሴቭ ሳያደርጉ ከወንበር አለመነሳትን ሁላችሁም ልመዱት። «ኦል ሪከርድስ»ን ግን ለዕለት ሥራ አይምረጡት። አንድ ሰው ፎርሙን በከፈተ ቁጥር ሌሎቹ በዚያ ቴብል (መረጃው በተቀመጠበት ሰንጠረዥ) ላይ ምንም ማስተካከል አይችሉም። የወለድ ስሌት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሠራ ይጠቅም ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ግን ቀሪ ሂሳብ እንደ አንድ ቁጥር ተቀምጦ እየተሰረዘ መጻፉን ፈጽሞ አልወደውም። እያንዳንዱ ገቢና ወጪ ቀኑን፣ የደረሰኝ ቁጥሩንና ያስገባውን ሰው ይዞ በራሱ መስመር ይመዝገብ። ቀሪው በኩዌሪ (አክሰስ ከቴብሎቹ አስልቶ በሚያወጣው) ይደመር። ያኔ ሁለት ሰው በአንድ አባል ላይ በአንድ ሰዓት ቢያስገባ ሁለት መስመር ይሆናል እንጂ አንዱ ሌላውን አያጠፋም። ኦዲተር ሲመጣም የሚያሳዩት ማስረጃ ይኖርዎታል። ሥራ ይጠይቃል፤ ግን ከሎክ ምርጫው ሁሉ የበለጠ የሚያድንዎ ይህ ነው።

ሌላው፣ አራታችሁም አንዱን ፋይል በቀጥታ እየከፈታችሁ ከሆነ ፋይሉ ለሁለት ይከፈል። መጀመሪያ ባክአፕ ይያዙ። «ዳታቤዝ ቱልስ» ውስጥ «አክሰስ ዳታቤዝ» የሚለው ቴብሎቹን ለብቻ ያወጣቸዋል። ቴብሎቹ ሼር በተደረገው ፎልደር ይቀመጡ፤ ፎርሙና ሪፖርቱ ያለበት ፋይል ደግሞ በየሰው ኮምፒውተር ላይ ኮፒ ይደረግ። ቦታውን ሲጠይቅዎ በሲ ድራይቭ ሳይሆን በኔትወርክ ስሙ ያስገቡ፤ አለበለዚያ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ቴብሎቹ አይገኙም። ግንኙነቱ በኬብል ይሁን፣ ዋይፋይ አይሁን። በመጻፍ ላይ እያለ ለአፍታ ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። መብራት ሲሄድም ያው ነው፤ ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተርና ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊች ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ይሰኩ። ፋይሉን ዋንድራይቭ ወይም ድሮፕቦክስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ በጋራ መሥራት ግን ከነጭራሹ አይሞከር።

ኤክስክሉሲቭ ቦታው የት ነው? «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር» (ፋይሉን ማመቅና መጠገን) ሲሠሩ፣ የቴብል ዲዛይን ሲቀይሩ፣ ፓስወርድ ሲያደርጉ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ሁሉም ይውጣ፤ የቁልፍ ምልክት ያለው ፋይል መጥፋቱን ያረጋግጡ፤ ኮፒ ያስቀምጡ። ከዚያ «ኦፕን» ሲሉ ከጎኑ ያለውን ቀስት ተጭነው «ኦፕን ኤክስክሉሲቭ» ይምረጡ። አለቃዎ መዝገቡን ማየት ብቻ ከፈለጉ እዚያው «ኦፕን ሪድ ኦንሊ» አለላቸው።

የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ወደዚያ ከተጠጋ፣ ወይም ማኅበሩ ቅርንጫፍ ከፍቶ በኢንተርኔት ልግባ የሚል ሰው ከመጣ፣ ቴብሎቹን ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሰርቨር) ያዛውሯቸው። በነፃ የሚገኝ ነው፤ የለመዳችሁትን የአክሰስ ፎርምም ከእሱ ጋር አገናኝታችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።