የአንባብያን ጥያቄ፦ ቃለ ጉባኤውን መሣሪያ ሲይዘው

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ በባሕር ዳር የአንድ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ገዢዎቻችን ጋር በዙም ተሰብስበን ነበር። ገዢዎቹ እስኪገቡ ድረስ የማኅበሩ ሰዎች ስናወጋ፣ አንድ አዛውንት አባላችን ልጃቸው ሆስፒታል በመተኛቷ ጀልባቸውን አስይዘው መበደራቸውን አጫወቱን፤ አምባዛውንም ከስንት ብር በታች እንደማንሸጥ እዚያው ተመካከርን። በተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ አንድ የማናውቀው ስም ነበረ፤ የአንዱ ሰው ስልክ መስሎን ዝም አልነው። ስብሰባው እንዳለቀ ለሁላችንም፣ ለገዢዎቹም ጭምር፣ በኢሜይል የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ደረሰን፤ የአዛውንቱ ብድርም፣ የመጨረሻ ዋጋችንም ተጽፎበታል። ይባስ ብሎ «ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይጫናል» ያልነውን «3 ፒኤም» ብሎ ስላሰፈረው መኪናው የደረሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ በረዶው ቀልጦ ነበር። እንዲህ ያለውን፣ ስብሰባ አዳምጦ ማጠቃለያ የሚጽፍ ረዳት ጨርሶ እንከልክለው ወይስ በአግባቡ የምንጠቀምበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ አዛውንቱን ያነጋግሯቸው። ጽሑፉን ከማሰረዝዎም በፊት ቤታቸው ድረስ ሄደው ምን እንደ ተመዘገበና እነማን እንዳዩት በግልጽ ሊነግሯቸው ይገባል፤ ከሌላ ሰው አፍ የሰሙት እንደ ሆነ ሐዘናቸው እጥፍ ይሆናል።

ያላወቃችሁት ስም ማስታወሻ ያዥ ቦት፣ ማለትም እንደ ተሳታፊ ገብቶ የሚያዳምጥ ፕሮግራም፣ ሳይሆን አይቀርም። እንደ ኦተርና ፋየርፍላይስ ያሉ አገልግሎቶች ከአንድ ሰው ካላንደር ጋር ሲያያዙ፣ እዚያ የተመዘገበ ስብሰባ ሰዓቱ ሲደርስ በሊንኩ ራሳቸው እንዲገቡ ማድረግ ይቻላል፤ ባለቤታቸው ገና መንገድ ላይ ሳለ እነርሱ ቀድመው ገብተው ያዳምጣሉ። ከገዢዎቹ አንዱ ከወራት በፊት አንድ ጊዜ «ፍቀድ» የሚለውን ተጭኖ ረስቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ክፉ አስበው ነው ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም። ሁለተኛው ዓይነት በዙም፣ በማይክሮሶፍት ቲምስና በጎግል ሚት ውስጥ አብሮ የተሠራው ረዳት ሲሆን፣ ሲበራ ለተሳታፊዎች ማሳወቂያ ወይም ምልክት ይታያል። እጅግ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ በአንድ ተሳታፊ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ድምፁን ከዚያው ስለሚወስድ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም፤ ስብሰባው ሲከፈት ሁሉንም በግልጽ ከመጠየቅ በቀር መላ የለውም።

ለቦቱ ግን መላ አለ። ሰብሳቢው ዌይቲንግ ሩም የሚባለውን መጠበቂያ ያብራ፤ ማንነቱ ያልታወቀን ስም አያስገባ፤ ገብቶ ካገኘውም ያስወጣው። ይሁን እንጂ ማስወጣት የሚያስቀረው ከዚያ ወዲያ የሚነገረውን ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተቀዳው በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ላይ ይቆያል። ስለዚህ የቦቱ ባለቤት ድምፁንም፣ ሙሉ ጽሑፉንም፣ ማጠቃለያውንም እንዲያጠፋ በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ማጠቃለያው የደረሳቸውም ሁሉ ኢሜይሉን ይሰርዙ። ይህ የውለታ ጥያቄ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ደንግጓል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ወገን የባለቤቱን ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት እንዲይዝ ያስገድዳል። ዋጋችሁ ግን ከአፍ ወጥቶ አፋፍ ደርሷልና እርሱን መመለስ አይቻልም።

ጨርሶ መከልከሉን አልመክርም። በስብሰባው ሰዓት ሐይቅ ላይ የነበረ ወይም ኔትዎርክ የተቋረጠበት አባል የተባለውን በኋላ ማንበብ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እርስዎ ጸሐፊ እንደ መሆንዎ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃሉ፦ ብዕሩ የሚነሣው አጀንዳው ሲከፈት ነው፤ የተጻፈውም ለተሰብሳቢው ተነብቦ፣ የተሳሳተው ታርሞ ይፈረማል። መሣሪያው ሰው እስኪገባ የሚወጋውን ጨዋታ ከጉባኤው ነገር አይለይም። እንግዲህ ረዳቱ የሚበራው አጀንዳው ሲከፈት፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ተጠይቆ ሲስማማ ይሁን፤ አንድ ሰው እንኳ «እኔ አልፈልግም» ካለ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይጥፋ። ገና ብድር የሚጠባበቅ ወይም ከሊቀ መንበሩ በታች የሚሠራ ሰው በሁሉ ፊት እምቢ ለማለት ይቸገራልና፣ ጥያቄው ከአንድ ቀን በፊት በግል ቢላክለት የበለጠ ነጻነት ይሰጠዋል።

ማጠቃለያውም በቀጥታ ለሁሉ እንዳይበተን በሴቲንጉ ላይ ለጸሐፊው ብቻ እንዲደርስ ያድርጉት። ከዚያ ቁጥር ቁጥሩን ይመርምሩ። በአማርኛ ዘጠኝና ዘጠና፣ ስድስትና ስድሳ በደካማ ድምፅ ይቀራረባሉ፤ የሰዓት አቆጣጠራችን ከሌላው በስድስት ሰዓት ይለያል፤ የቀን አቆጣጠራችንም እንዲሁ የራሱ ነው። የእናንተን በረዶ ያቀለጠው ይኸው ነው። ጽሑፉ ተነብቦ ከጸደቀ በኋላ የተቀዳውን ድምፅ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ያጥፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። የስብሰባ ቅጂን እንደ ቻትጂፒቲ ወዳለ፣ ለተጻፈለት ጥያቄ መልስ ወደሚሰጥ ነጻ ቻትቦት ወስዶ «አሳጥርልኝ» ማለት ሌላው በር ነው። በ2015 ዓ.ም. የሳምሰንግ ሠራተኞች የመሥሪያ ቤታቸውን ኮድና የአንድ ስብሰባ ቅጂ ወደ ቻትጂፒቲ አስገብተው በመገኘታቸው ኩባንያው አጠቃቀሙን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። የግድ ከሆነ የሰው ስምና ዋጋ ወጥቶለት ይግባ፤ ጽሑፉ ቻትቦቱን ለማሠልጠን እንዳይውልም ይህን የሚፈቅደው ምርጫ በሴቲንጉ ይጥፋ።

ጥያቄ፦ ከጎርጎራ የምጽፍላችሁ ነርስ ነኝ። በየሳምንቱ ስለ አስቸጋሪ ታካሚዎች ከሐኪሞች ጋር በጎግል ሚት እንመካከራለን። ማስታወሻ የሚይዝ ረዳት ብናበራ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አታብሩ። የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥበቃ ከተደረገላቸው አንዱ ነው፤ የታካሚዋን ስም ባትጠሩ እንኳ በትንሽ ከተማ ዕድሜዋና ቀበሌዋ ማንነቷን ይናገራሉ። ሐኪሙ ያዘዘውን በካርዷ ላይ በእጅዎ ይጻፉ፤ መሥሪያ ቤትዎ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተዋዋለው መሣሪያ ኖሮ ታካሚዋ ተጠይቃ ከፈቀደች ያን ጊዜ እንደ ገና ይጠይቁን።