ቤዝ ጊታሪስቱ ለምን ዊግ አደረገ?

ካሜራ ለያዛችሁ ልጆቼ፣

በቀደም አንድ ወጣት የቀረጸውን ኮንሰርት አሳየኝ። አራት ካሜራ ነው የተጠቀመው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ዘፋኙ ትልቁን ድምፅ ሊያወጣ አንገቱን ሲያቀና ግን ምስሉ ድንገት ወደ ጣሪያው መብራት ሄደ። "ምነው?" አልኩት። "ጋሼ፣ እዚያ ጋ ካርድ ሞልቶብን ነው።" አራቱም? አንገቱን ደፋ።

አልተቆጣሁትም። በምን አፌ?

ከዓመታት በፊት፣ የ60 ደቂቃ ካሴት በነበረበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሙዚቃ ዝግጅት ለሦስት ቀረጽን። አስተባባሪው "ጀምሩ!" አለ፤ ሦስታችንም እኩል ጀመርን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስታችንም እኩል አለቀብን። መድረኩ ላይ አንድ ሽማግሌ ማሲንቋቸውን እየገዘገዙ ነበር። እኛ አጎንብሰን የአዲሱን ካሴት መጠቅለያ ላስቲክ በጥርሳችን እየቀደድን ነበር። ቀና ስንል ሰዉ ቆሞ እያጨበጨበ ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ የሌድ ዜፔሊን ፊልም ትዝ ይለኛል። የእንግሊዝ የሃርድ ሮክ ባንድ ነው። ሙዚቃው ለጆሯችሁ ካልጣመ ግድ የለም፣ እኔም የጥላሁን ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 27 እስከ 29 ቀን 1973 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሌሊት ሲጫወቱ ዳይሬክተር ጆ ማሶት ቀረጻቸው። ፊልሙ "ዘ ሶንግ ሪሜይንስ ዘ ሴም" ይባላል።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። 1,000 ጫማ የሚይዝ ትልቅ ጥቅል ካሜራው ላይ 11 ደቂቃ ገደማ ቢሄድ ነው። "ዴዝድ ኤንድ ኮንፊዩዝድ" የሚለው ዘፈናቸው ደግሞ በዚያ መድረክ 27 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ በመሀል የቫዮሊን መምቻ አንስቶ ጊታሩን ይገዘግዘዋል፤ ልክ እንደ ማሲንቋ! እንግዲህ በአንድ ዘፈን ብቻ እያንዳንዱ ካሜራ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጥቅል መቀየር አለበት። በጨለማ፣ ጆሮ በሚበጥስ ጩኸት ውስጥ።

በኋላ ባንዱ በማሶት ሥራ አልረካም፤ አውስትራሊያዊው ፒተር ክሊፍተን ተተካ። እሱ የተቀረጸውን ቢፈትሸው ብዙ ቦታ ክፍተት አለው። ምን ተሻለ? በ1974 ለንደን አጠገብ ባለው የሸፐርተን ስቱዲዮ የኒውዮርኩን መድረክ የሚመስል መድረክ ተሠራ። ባንዱ ያንኑ ልብስ ለብሶ፣ ያንኑ ድምፅ እየሰማ እንደገና "ተጫወተ"። እኛ ፕሌይባክ የምንለው ነው። ቤዝ ጊታሪስቱ ጆን ፖል ጆንስ ግን ለካ ፀጉሩን ተቆርጧል። ዊግ አደረጉለት! ፊልሙ ሲኒማ የገባው በኦክቶበር 1976 ነው፤ ከኮንሰርቱ ሦስት ዓመት በኋላ።

አንዳንዶች ማጭበርበር ነው ይላሉ። እኔ አልልም፤ የእኛም ክሊፕ ሁሉ ፕሌይባክ ነው። ያሳዘነኝ ፔጅ ነው። ያን ሌሊት ጣቱ እንደመራው የተጫወተውን ዓመት ቆይቶ ራሱን አስመስሎ መጫወት ነበረበት። አዝማሪን "ያምናውን ግጥም ሳትስት ድገምልኝ" እንደ ማለት እኮ ነው። እጁና ድምፁ ልክ እንደማይገጥም ቆይቶ ራሱ ተናግሯል።

ታዲያ ይህ ሁሉ መጣፍ እንዴት ተቻለ? ድምፁ ስለነበረ። ኤዲ ክሬመር የሚባለው የድምፅ ባለሙያ ሙዚቃውን በ24 ትራክ፣ ማለትም በ24 የተለያየ የድምፅ መስመር፣ ቀድቶት ነበር። ድምፅ ካለ ምስል ይለጠፍበታል፤ ድምፅ ከሌለ ስምንት ካሜራ ቢኖራችሁ ድዳ ነው። የእናንተ ጭቅጭቅ ግን ሁልጊዜ ስለ ሌንስ ነው! የመድረኩን ድምፅ ሁሉ ከሚያዋህደው መሣሪያ፣ ከሚክሰሩ፣ ቀጥታ መስመር ውሰዱ። ሌላ መቅጃ ደግሞ ሕዝቡ መሀል አስቀምጡ፤ ጭብጨባው ከሚክሰር አይገኝም።

ካሜራዎቹን በአንድ ጊዜ አታስጀምሩ። አንደኛው ከሌላው በሃያ ደቂቃ ይቅደም፣ ማለቂያቸውም ይለያያል። ዋይዱን፣ መድረኩን በሙሉ የሚያሳየውን ካሜራ፣ የያዘው ልጅ እዚያው ይቁም፤ ቢሰለቸውም፣ ሽንቱ ቢመጣም። የዘፈኑን ቅደም ተከተል ከባንዱ መሪ አስቀድማችሁ ተቀበሉ። ረጅሙ የቱ ነው? ሶሎ፣ አንዱ ብቻውን የሚጫወትበት፣ የቱ ላይ ነው? ባትሪና ካርድ የሚቀየረው ዘፋኙ ውኃ ሲጠጣና ሰላምታ ሲሰጥ ነው። ደግሞ አለባበሳቸውን ፎቶ አንሱ። ነገ አንዱ ፀጉሩን ቢቆረጥ እንኳ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ።

በነገራችን ላይ በዚያ ኮንሰርት መጨረሻ ባንዱ ካረፈበት ሆቴል 200 ሺህ ዶላር ያህል ጠፋ። ሌባው አልተያዘም። ወሬው ግን ፊልሙ ውስጥ ገብቷል። ከመድረክ ውጪ ያለውንም የሚያይ ካሜራ ይኑራችሁ የምለው ለዚህ ነው።

የማሲንቋውን ሽማግሌ ነገር አልጨረስኩላችሁም። የእኛን ክፍተት የሚሞላ ሸፐርተን ከየት ይመጣል? ያለን አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ሲያጨበጭቡ የተቀረጸ ምስል ብቻ ነበር፣ አሥር ሰከንድ የማትሞላ። አራት ቦታ ቆራርጠን አስገባናት። ካሴቱ ሲወጣ ያየው ሁሉ ይጠይቀኝ ነበር፦ "እኚህ ሴትዮ የዘፋኙ እናት ናቸው እንዴ?"